ቁርጥ እሷን

የተወለድኩት ደሴ፣ ሆጤ ነው። እናቴም አባቴም የዚያው ሰፈር ልጆች ናቸው። ከቤታችን ልጆች በጣም ጥቁሯ እኔ ነኝ። በእኛ አገር ለመልክ የሚሰጠው ስም ብዙ ነው፤ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ እየተባለ ይወርዳል። እኔ ከዚህ ሁሉ በታች ነበርኩ። እህቴ ቀይ ናት፤ ወንድሞቼ ጠይም ናቸው። ስወለድ የአባቴ አክስት አየት አድርገውኝ «የአያታችን መልክ ዞሮ መጣ» አሉ ይባላል። ያቺ አያት ከወዴት እንደመጣች፣ ማን እንዳመጣት፣ በቤታችን አይነገርም። እናቴን ስጠይቃት «አላህ የፈጠረው መልክ ነው፣ ምን ያስጠይቃል» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ልጅ ሳለሁ ነገሩ ብዙም አልከበደኝም። በሰፈራችን የሚያየኝ ሁሉ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል። ልጆቹ ሲጣሉኝ ስም ያወጡልኝ ነበር፤ ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ስንታረቅ ይረሱታል፤ እኔም የረሳሁ እመስላለሁ። እንግዳ የሆንኩት በኋላ ነው፣ ከተማችን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት።

በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ተማሪ ሲጠራ ከመናኸሪያው ሻንጣ የተሸከሙ ልጆች ይፈሳሉ። ከጅግጅጋ፣ ከአሶሳ፣ ከወላይታ፣ ከጋምቤላ፣ ከአፋር፤ ከመላው አገሪቱ ተመድበው ይመጣሉ። የደሴን ብርድ ማንም አልነገራቸውም። በስስ ሸሚዝ ወርደው ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ የሰፈሩ ሴቶች ደጃፍ ላይ ቆመው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ ጋቢ አውጥተው የሚያለብሱም ነበሩ። በታክሲ ውስጥ የማናውቀውን ቋንቋ መስማት ለመድን። ከተማዋ ሰፋች። ሰው ደስ ብሎታል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። እንደ እኔ ጥቁር የሆነ ሰው በመንገድ ላይ ያየሁት ያን ጊዜ ነውና፣ ከኋላቸው እየተከተልኩ አያቸው ነበር።

ግን ከዚያ ወዲህ የማያውቀኝ ሁሉ ተማሪ ናት ይለኝ ጀመር። ባጃጅ ስይዝ ሹፌሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃሉን እየለያየ «የት… ነው… የምትሄጂው?» ይለኛል። ሸዋበር ካለ ሱቅ ጨርቅ ልገዛ ስገባ ነጋዴው «አማርኛ እንዴት ለመድሽ ማሻአላህ!» ይለኛል።

«ከየት ነሽ?»

«ከሆጤ።»

«እሱማ አሁን የተከራየሽው ነው። አገርሽን ነው የምልሽ።»

እህቴ ይህን ስነግራት ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ። አንድ ቀን ግን እኔና እሷ ጎን ለጎን ቆመን አንዲት ልጅ «ጓደኛሽ ናት?» ብላ ጠየቀቻት። እህቴ «እህቴ ናት» ስትላት ልጅቷ ቀልድ መሰላትና ሳቀች። የዚያን ቀን እህቴ አልሳቀችም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ውጤት አልመጣልኝም። እህቴ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍታ ነበርና እንደገና እስክፈተን ድረስ እዚያ መሥራት ጀመርኩ። ቤቷ ጠባብ ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ በር ላይ አንድ ባንኮኒ። ቀኑን ሙሉ ተማሪ ይመላለሳል። በዚያ ባንኮኒ ኋላ ስቆም ነው ስለ ሌላዋ ልጅ መስማት የጀመርኩት።

በመጀመሪያ ሰላምታው ነበር። የማላውቀው ተማሪ ከመንገዱ ማዶ እጁን ያወዛውዝልኛል። አንዲት ልጅ መጥታ «ትናንት ስትዘምሪ አስለቀስሽኝ» አለችኝ። እኔ ዘምሬ አላውቅም። ሌላው የራስ መሸፈኛዬን እያየ ግራ ተጋብቶ «መቼ ነው የሰለምሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ከናቴ ሆድ» አልኩት። አልገባውም።

ከዚያ አንዲት ሴትዮ ፌስታል ይዘው መጡ። የከተማው ሰው ናቸው፣ ከጴንጤ ቤተ ክርስቲያን። ምንም ሳይሉ ከፌስታሉ በእጅ የተሠራ የሱፍ ሹራብ አውጥተው ባንኮኒው ላይ ዘረጉልኝ።

«ይኸው ጨረስኩልሽ። እስቲ ልበሺው፣ እጅጌው አጥሮሽ እንዳይሆን።»

«እትዬ፣ ተሳስተው እንዳይሆን» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። «ውይ! በጌታ ስም!» አሉ። «ሻሹ ነው እንጂ… ቁርጥ እሷን! ቁርጥ እሷን እኮ ነሽ!»

ከእሳቸው ነው የሰማሁት። ልጅቷ ከጋምቤላ የመጣች ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ በመዘምራኑ ውስጥ ትዘምራለች፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ እሳቸው ቤት ትበላለች። «እንደ ልጄ ናት» አሉኝ። ሹራቡን አጣጥፈው መልሰው ከተቱት፤ ግን ለመሄድ አልቸኮሉም፤ ፊቴን ደጋግመው ያያሉ። ሲወጡ ለእህቴ «እግዚአብሔር ሰውን በጥንድ ይፈጥራል ሲሉ አላምንም ነበር» አሏት።

እኔም ልጅቷን ለማየት ጓጓሁ። ከግቢው በር የምትወጣ ጥቁር ልጅ ባየሁ ቁጥር ባንኮኒውን ትቼ እወጣለሁ። አልተገናኘንም። ሰዎች «አሁን እኮ እዚህ ነበረች» ይሉኛል፤ ወይም «አሁን እኮ ወደዚያ ስትሄጂ አየሁሽ» ይሉኛል። አንድ ቀን እናቴ ራሷ ከገበያ ተቆጥታ ገባች። «ስጠራሽ ዘግተሽኝ ሄድሽ» አለችኝ። እኔ ከሱቁ አልወጣሁም። እናቴ ይህን ስትሰማ ቁጣዋ ጠፋ።  ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከክፉ የሚጠብቀውን የቁርአን አንቀጽ፣ አያተል ኩርሲን፣ ሳትቀራብኝ ከቤት አታስወጣኝም።

አየኋት፤ አንድ ቀን ብቻ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ።

ኮምቦልቻ ያለችውን አክስቴን ጠይቄ በሚኒባስ ወደ ደሴ እየወጣሁ ነበር። ኮምቦልቻ ፀሐይ ነበረ፤ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ስንደርስ ጭጋጉ ወረደ። የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ ቀን በቀን ይመጣና ገደሉንም መንገዱንም አንድ ያደርገዋል። መታጠፊያው ላይ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ቆሞ ስለነበር መኪኖች በተራ ነው የሚያልፉት። የእኛም ቆመ። ከላይ የሚወርድ ሌላ ሚኒባስ መጥቶ ከጎናችን ቆመ። መስኮት ለመስኮት ነን፤ እጄን ባወጣ የዚያኛውን መስታወት እነካዋለሁ።

በዚያኛው መስኮት ውስጥ ራሴን አየሁ።

መስታወቱ የመለሰው የራሴ መልክ መስሎኝ ነበር። እንዳልሆነ ያወቅሁት ጸጉሯን አይቼ ነው። እኔ ተሸፋፍኛለሁ፤ እሷ ቀጭን ሹሩባ ተሠርታ ራሷ ክፍት ነበር። እሷም አየችኝ። አልደነገጠችም። እጄን አነሳሁ፤ አነሳች። ከመካከላችን ሁለት ጉም ያላበው መስታወት አለ። አፏን ከፍታ አንድ ነገር አለች፤ ለእኔ ይሁን ከአጠገቧ ላለው ሰው አላውቅም። ከዚያ የእነሱ መኪና ተንቀሳቀሰና ጭጋጉ ወሰዳት።

ቤት ገብቼ ለእህቴ ነገርኳት። «እውነት ትመስልሻለች?» አለችኝ።

«ወላሂ፣ ራሴን ነው ያየሁት።»

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሱቁን ከፍተን ማሽኑ ገና ሳይሞቅ፣ ሦስት ተማሪዎች መጡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ። ከፊት የመጣችው ልጅ አንገቷን ደፍታ ፍላሽ ባንኮኒው ላይ አኖረች። ዓይኗ አብጧል።

«አንድ ፎቶ አለ። በትልቁ አትሚልን» አለች።

ፍላሹን ለመውሰድ እጄን ስዘረጋ ቀና አለች። አልጮኸችም። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሁለተኛዋ ልጅ ጮኻ ወደ መንገዱ ሮጠች። ልጁ አልሮጠም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሯል።

እህቴ ከውስጥ ወጣች። «ምን ሆናችሁ? ምንድን ነው?»

«እሷ… ትናንት ሞታለች» አለ ልጁ፣ ጣቱን ከእኔ ሳያነሳ።

«እህቴ ናት! ምን ትላለህ አንተ! እህቴ ናት!» እያለች እህቴ ትከሻዬን ይዛ ወዘወዘችኝ፤ ለእሱ ይሁን ለእኔ የምታረጋግጠው አላውቅም።

ልጁ እንደነገረን፣ ትናንት፣ እሑድ ጠዋት፣ ኮምቦልቻ ባለው ቤተ ክርስቲያን ለመዘመር ስትወርድ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ሐረጎ ላይ ተገልብጧል። መሬት ላይ የተቀመጠችው ልጅ የዶርም ጓደኛዋ ናት። እህቴ ውሃ ሰጠቻት። ልጅቷ ውሃውን ሳትጠጣ ይዛ፣ በሌላው እጇ የእጄን አንጓ ያዘች። መሞቁን እያየች ነበር። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም።

ፎቶውን ማተም ነበረብኝ፤ ለሻማ ማብራት ይፈልጉታል። ፋይሉን ከፈትኩ። በብርሃን የተነሳ ፎቶ አይደለም፤ በስልክ፣ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው። ማተሚያችን ደግሞ ጥቁር ብቻ ነው የሚያትመው። የወጣው ወረቀት ላይ ግድግዳውና የልብሷ አንገትጌ በደንብ ይታያል፤ ፊቷ ግን ጥቁር ብቻ ነው፤ ዓይንና ጥርስ። ብርሃኑን ጨመርኩ። ግድግዳው ጠፋ፤ ፊቷ ያው ነው። እንደገና ሞከርኩ። ማሽኑ ፊቷን አያወጣም። እህቴ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ አሁንም ወረቀቱን።  እንደዚያው እንዳለ ይዘውት ሄዱ።

አስከሬኑን አጎቷ መጥቶ ወደ አገሯ ወሰደው። እኔ ግን ደሴ ቀረሁ፣ በመንገዱ ላይም እሄዳለሁ። ችግሩ ይሄ ነበር።

ተማሪዎች ከግቢ ሲወጡ ያዩኝና መንገድ ይሻገራሉ። ያላወቀ አንድ ልጅ ፊት ለፊት ተገጣጥመን የያዘው መጽሐፍ ከእጁ ወደቀ፤ ሳያነሳው ሄደ። አንድ ባጃጅ ሹፌር አስቁሜው፣ ጎንበስ ብሎ ፊቴን ሲያይ፣ ሳያሳፍረኝ ነዳ። እሱ ያን እሑድ ጠዋት ልጅቷን መናኸሪያ ያደረሳት ነው ብለው በኋላ ነገሩኝ። ስሟንም ያወቅሁት ከመንገድ ነው። በስጋት፣ ቀስ ብለው ከኋላዬ በስሟ ይጠሩኛል፤ እዞር እንደሆነ ለማየት። መጀመሪያ አልዞርም ነበር። አንድ ቀን ዞርኩ። ለምን እንደዞርኩ አላውቅም። የጠሩኝ ልጆች ሮጡ።

እህቴ «ቤት ዋይ» አለችኝ። እናቴ ተቆጣች። «ልጄ ምን አድርጋ ነው ቤት የምትውለው? ሰው ገድላለች?» ሆኖም እሷም ስተኛ ደረቴ ላይ እጇን ስታሳርፍ ነቅቼ አይቻታለሁ።

ከዚያ ደግሞ መምጣት ጀመሩ። በመጀመሪያ የዶርም ጓደኛዋ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ትመጣና ሱቁ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ትንሽ ታየኛለች፤ ትሄዳለች። ከዚያ ያ ልጅ መጣ፣ ጣቱን የቀሰረብኝ። የሚታተም ነገር አልያዘም። እህቴ የለችም ነበር። ባንኮኒው ላይ ሁለት እጁን አድርጎ ወደ ታች እያየ ማውራት ጀመረ።

«እሸኝሻለሁ ብዬሽ ነበር» አለ። «እንቅልፍ ይዞኝ ቀረ። ደውለሽልኝ ነበር፤ ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ ነው። ብመጣ ኖሮ ሌላ መኪና እንይዝ ነበር፣ ወይም አብሬሽ…»

«እኔ እኮ እሷ አይደለሁም» ልለው አስቤ ነበር። ልጁ ይህን ያውቃል፤ እኔን የሚያይበት ዓይን ያስታውቃል። ማወቁን ትቶ ነው የመጣው።  አልሄደም። በመጨረሻ ከአፌ የወጣው እኛ ለቅሶ ቤት ሰው ስናጽናና የምንለው ነው።

«አብሽር» አልኩት።

ቃሉን ያውቀው እንደሆነ እንጃ። ትከሻው ወረደ፣ ፊቱን ጠረገ፣ ወጣ።

ከእሱ በኋላ ሌሎችም መጡ። ለማን እንዳወሩ አላውቅም። አንዷ ከእሷ ተውሳ ያልመለሰችው ቀሚስ እንዳላት ነገረችኝ። ሌላዋ የሱቁ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። እኔ እሰማለሁ፤ «አብሽሪ» እላለሁ፤ ይሄዳሉ። ማታ ቤት ስገባ የራሴ ድምፅ ያስጠላኝ ጀመር። መስታወት ፊት ቆሜ ራስ መሸፈኛዬን አውልቄ ፊቴን አያለሁ። እሷን ነው የማየው፤ በዚያ ጉም ባላበው መስኮት ያየኋትን። ሳየው ሳየው የኔ የሆነውን መለየት አቃተኝ።

ከወር በኋላ ሹራብ ሠሪዋ ሴትዮ እቤታችን ድረስ መጡ። እናቴ አስገባቻቸው። ሻይ ቀረበላቸው፤ አልጠጡትም።

«የልጅቷ እናት እየመጡ ነው» አሉ። «ዕቃዋን ሊሰበስቡ። ከአጎቷ ጋር። እኔ ቤት ነው የሚያርፉት።» ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ እናቴን «እህቴ፣ እንደ ክፉ አትዪብኝ። እኚህ እናት ይህችን ልጅ ድንገት መንገድ ላይ ቢያዩአት እዚያው ይሞቱብኛል። እስኪመለሱ ድረስ ለጥቂት ቀን…» አሉና አልጨረሱትም።

«ትደበቅ?» አለች እናቴ።

«ራቅ ትበል ነው።»

«በተወለደችበት አገር ልጄ ትደበቅ? እኔስ እናት አይደለሁም?»

ሴትዮዋ አለቀሱ። እናቴም ሲያለቅሱ ስታይ ለዘበች። እኔ «እሄዳለሁ» አልኩ። ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ወረድኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም እንጂ መሄዱ ቅልል ብሎኝ ነበር። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ማንም አያየኝም። አክስቴ ግቢ ውስጥ ዘይቱን ዛፍ ሥር ተቀምጬ ለፈተና አነብ ነበር።

በስልክ እህቴ «ዛሬ ከከተማው ወጥተዋል ተብሏል፣ ነገ ነይ» ስትለኝ በማግስቱ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ወጣሁ።

የደሴ ሚኒባስ ተራው ደርሶ ሰው ይጭናል። ከአጠገቡ ባለው አግዳሚ ላይ ሹራብ ሠሪዋን ሴትዮ አየኋቸው። ከጎናቸው አንዲት ረጅም፣ ከሲታ ሴት ጥቁር ነጠላ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ሻንጣ ይዞ የቆመ ሰውም አለ። መመለስ አለብኝ ብዬ አሰብኩ፤ እግሬ ግን ቆመ። ሹራብ ሠሪዋ አዩኝና ቀለማቸው ጠፋ። ተነስተው እናትየዋን በሰውነታቸው ሊከልሉ ሞከሩ። በኋላ ነው የነገሩኝ፤ እናትየዋ ልጃቸው ያን እሑድ የምትሄድበትን ቤተ ክርስቲያን ካላየሁ አልመለስም ብለው ትናንት አመሻሹ ላይ ወርደው እዚያው አድረዋል፤ የልጅቷ ዕቃ ገና ደሴ ነበር።

እናትየዋ በሴትዮዋ ትከሻ በኩል አዩኝ። ተነሱ። በእጃቸው ሴትዮዋን ቀስ አድርገው ገለል አደረጉና መጡ። ከእኔ በጣም ይረዝማሉ። ፊታቸውን ወደ ፊቴ አውርደው አዩኝ፤ ግንባሬን፣ ጆሮዬን፣ አፌን።

«ይህች ናት?» አሉ። አማርኛቸው ዝግ ያለ፣ ግን የጠራ ነው። «ከመጣሁ ጀምሮ በሹክሹክታ የምታወሩባት ልጅ ይህች ናት?»

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አትመስላትም» አሉ እናትየዋ።

ሴትዮዋ እሳቸውንና እኔን እያፈራረቁ አዩ።

«ምኗ ነው የሚመስለው? ልጄ ግንባሯ ሰፊ ነው። ዓይኗ እንዲህ አይደለም። አፍንጫዋም እንዲህ አይደለም። ልጄ እኔን ነው የምታህለው፣ ይህች አጭር ናት።» ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። «አንቺ በየሳምንቱ ታበያት ነበር።»

ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፉ። እናትየዋ ተመልሰው ወደ እኔ አዩ።

«ከየት ነሽ አንቺ?»

«ከደሴ። ከሆጤ።»

«ታስታውቂያለሽ» አሉ። እጃቸውን አንስተው በሴትዮዋና በእኔ መካከል አመላለሱት። «እነሱን ነው የምትመስዪው። ፊትሽ የነሱ ነው።»

በሕይወቴ ከሆጤ ነኝ ስል ሳይጠራጠር ያመነኝ እንግዳ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አልዋሽም፣ ለቅጽበት ብሎኛል። ወዲያው ግን ብርድ ወረረኝ። እንግዲያው በጭጋጉ ውስጥ ያየኋት ማን ናት? እጇን ያነሳችልኝ ማን ናት? ለእህቴ የማልኩላት በማን ነው?

አጎትየው የሚኒባሱን በር ይዞ ጠራን። ሌላ መኪና እጠብቃለሁ ስል እናትየዋ «ነይ ግቢ» አሉኝ። ከጎናቸው አስቀመጡኝ፣ በመስኮቱ በኩል። ሴትዮዋ ከኋላ ተቀመጡ። 

ዳገቱን ጀምረን ጥቂት እንደሄድን ጭጋጉ ተቀበለን። አጎትየው ለሹፌሩ የሆነ ነገር ነገረው። መኪናው ዳር ይዞ ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ነገሩን በሴትዮዋ ለቅሶ አውቆታል፤ አንድም ሰው «ረፈደብን» አላለም። ተከታትለን ወረድን። መንገዱ ዳር የተጣመመ ብረት አለ፤ ከዚያ በታች ነጭ ብቻ ነው። የውሃ ድምፅ ከታች ይሰማል።

እናትየዋ ብረቱ አጠገብ ቆሙ። አላለቀሱም። ነጠላቸውን አጠባብቀው ወደ ጭጋጉ፣ በሙሉ ድምፃቸው፣ የልጃቸውን ስም ጠሩ። አንድ ጊዜ ጠርተው ጠበቁ። ደግመው ጠሩ፤ አስከትለውም በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ፤ ሰው ከሩቅ ሜዳ ልጁን ወደ ቤት እንደሚጠራ። ስሙን እሷ መስያቸው ከኋላዬ የጠሩኝ ሰዎች ሲጠሩት ሰምቼዋለሁ፤ እሳቸው ሲጠሩት ግን ሌላ ስም ነው፤ ትክክለኛው አጠራሩ ይህ ነበር።

«አቤት» ልል አፌን ከፈትኩ።

ትንፋሼ ወጥቶ ነበር። ሹራብ ሠሪዋ ሴትዮ እጄን አጥብቀው ያዙኝ፤ ጥፍራቸው ገባብኝ። አይተውኛል። ራሳቸውን ወዘወዙ። አፌን ዘጋሁ። ከታች ምንም አልመለሰም፤ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ አዛውንት ፊታቸውን በመዳፋቸው ዳብሰው «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ። ወደ መኪናው ተመለስን።

ትንሽ እንደሄድን የእናትየዋ ራስ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ተኝተዋል። አጎትየው ከፊት ዞሮ አያቸውና በለሆሳስ «ከሞተች ጀምሮ ተኝታ አታውቅም» አለኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ክንዴ ደነዘዘ። ጭጋጉ በመስኮቱ ላይ ይፈሳል፤ መስታወቱን ላለማየት ፊት ለፊት፣ የሹፌሩን ጀርባ እያየሁ ሄድኩ። የደሴ ቤቶች መታየት ጀመሩ፤ ቆርቆሮው፣ ሚናራው፣ በቁልቁለቱ የሚወርዱት ተማሪዎች። ከመናኸሪያው ገብተን ቆምን። ሰው ሲወርድ መኪናው ተነቃነቀ።

እናትየዋ ዓይናቸውን ገለጡ። ፊቴ ከፊታቸው ብዙ አይርቅም። አገጬን በጣታቸው ያዙና በቋንቋቸው መናገር ጀመሩ፤ ረጅም ነገር። ድምፃቸው የቁጣ ነበር፤ እናት አምሽታ የገባች ልጇን የምትቆጣበት ዓይነት። ከቁጣው ሥር ግን እፎይታ አለ። አንድ ነገር ጠየቁኝና መልስ ጠበቁ። 

ከዚያ ዓይናቸው ጠራ። ጣታቸው ከአገጬ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ደረስን?» አሉኝ በአማርኛ።

«አዎ እናቴ፣ ደርሰናል» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ፣ ወረዱ። አጎትየው ሻንጣውን ተሸክሞ ተከተላቸው። ወደ ኋላ አልዞሩም። ምን እንዳሉኝ አጎትየውን ሮጬ ልጠይቀው እችል ነበር፤ ሰምቷል፣ ይነግረኝ ነበር። መኪናው ባዶ እስኪሆን ድረስ ከመቀመጫዬ መነሳት አልቻልኩም።